ኢየሩሳሌም ያልደረሰው ማተብ

በዶሚኒካን የባሕር ዳርቻ፣ መብሉም መጠጡም በአንድ ዋጋ በሆነበት ሪዞርት፣ የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፤ ልጇን ለመጠየቅ ከደብረ ብርሃን ካናዳ፣ ቶሮንቶ የመጣችው ወይዘሮ አስካለና ልጇ ፍሬሕይወት አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ የእናትየው ስልክ ልጅቷ እጅ ላይ ነው።

ፍሬ፦ «ገሊላ» ብለሻል፣ እማዬ። በገዛ ድምፅሽ። ደግሜ ላሰማሽ?

አስካለ፦ ተይ አታሰሚ፣ ሰው ይሰማናል።

ፍሬ፦ እዚህ አማርኛ የሚሰማው ማነው? ያ ጁስ የሚያመላልሰው ሚጌል?

አስካለ፦ ሚጌልን አትንኪብኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሰኞ ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ፣ በሕማማት አልጨብጥም ብዬ እጄን ወደኋላ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ እሱም እጁን ወደኋላ አድርጎ ጎንበስ ነው የሚልልኝ።

ፍሬ፦ ወሬ አትቀይሪ። ስልክሽን ቻርጅ ላደርግልሽ ብዬ ብከፍተው ሠላሳ ስምንት የድምፅ መልእክት። የማኅበር ጓደኞችሽ በሙሉ ኢየሩሳሌም ያለሽ ነው የሚመስላቸው። «አስካለ የታደልሽ፣ የረገጥሽው መሬት እኛንም ያድርሰን» ይላሉ። አንቺ የረገጥሽው መዋኛ ገንዳ ዳር ነው።

አስካለ፦ እኔ አልጀመርኩትም። በላይነሽ ናት የጀመረችው።

ፍሬ፦ በላይነሽ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብላ እንዴት አድርጋ ነው ያንቺን ውሸት የምትጀምረው?

አስካለ፦ ሰኞ እንደደረስን ደወለች። «የት ነሽ?» አለችኝ። «ባሕር ላይ ነኝ» አልኳት። ማዕበሉ ደግሞ ከኋላዬ ያጓራል። «ሴቶች፣ አስካለ ገሊላ ደረሰች» ብላ እዚያው ስልኩ ላይ እንዳለች ለሁሉም ተናገረች። እልልታው ቀለጠ። ምን ልበል?

ፍሬ፦ «አይ፣ ገሊላ አይደለም» ትያታለሻ።

አስካለ፦ በእልልታ መሀል?

ፍሬ፦ እልልታው ሲያልቅ።

አስካለ፦ እልልታው ሲያልቅ ካርዷም አለቀ።

ፍሬ፦ ማክሰኞስ? «ውኃው እንዴት ነው?» ስትልሽ «ሞቅ ያለ ነው፣ ሰውነት ያፍታታል» ብለሻታል።

አስካለ፦ ሞቅ ያለ ነዋ። እሱ ምኑ ውሸት ነው?

ፍሬ፦ እማዬ።

አስካለ፦ ሄጄ እግሬን ነክሬ ነው የመለስኩላት። ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ እኮ ነው የነከርኩት።

ፍሬ፦ ይሄስ ፎቶ? «ከየአገሩ የመጡ ምእመናን አብረውኝ ሲሰግዱ» ያልሽበት።

አስካለ፦ ሲሰግዱ ነበራ።

ፍሬ፦ እነዚህ ስፖርት የሚሠሩ ቱሪስቶች ናቸው።

አስካለ፦ እኔ ምን አውቄ። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው የለም ብዬ አሸዋው ላይ ስግደቴን ጀመርኩ። ሃያኛው ላይ ቀና ስል አንዲት ወፈር ያለች ፈረንጅ ከኋላዬ ሆና እሷም ትወድቃለች፣ ትነሣለች። አርባኛው ላይ ሰባት ሆነዋል። ፎጣቸውን ደርበዋል፣ ከሩቅ ስታዪው ነጠላ ነው የሚመስለው።

ፍሬ፦ ገንዳው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ምን እንደተጻፈ አይተሻል?

አስካለ፦ የነሱን ጽሑፍ እኔ አነባለሁ?

ፍሬ፦ «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ከአስካለ ጋር።» ከዳንስ ትምህርቱ በላይ ነው የጻፉት።

አስካለ፦ ነገ እኮ ስቅለት ነው። ስንት ስግደት እንዳለ አያውቁም እንዴ፣ ጉልበታቸው ይለቃል።

ፍሬ፦ አታስቂኝ።

አስካለ፦ እኔ አልሳቅኩም፣ አንቺ ነሽ።

ፍሬ፦ እሺ ሳቅኩ። ግን አያስቅም። ደግሞ በፎቶው ሁሉ ግራ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ የደበቅሽው ለምንድነው?

አስካለ፦ ይቺ ቢጫ ላስቲክ እንዳትታይ ነዋ። ሆቴሉ በር ላይ ካሰሩልኝ ጀምሮ ሆስፒታል የተኛሁ ነው የሚመስለኝ። በላይነሽ ዐይኗ ሾተል ነው፣ «እሷ ምንድናት?» ካለችኝ መልስ የለኝም።

ፍሬ፦ አየሽ፣ አስበሽበታል። እያሰብሽ ነው የምትዋሺው። አልጋሽ ሥር ያየሁት ጠርሙስስ? ሁለት ጠርሙስ የባሕር ውኃ፣ በፌስታል ደግሞ አሸዋ።

አስካለ፦ አሁን ሂጂና እዪ። የለም።

ፍሬ፦ የት ሄደ?

አስካለ፦ ጠዋት ከስግደቱ በፊት ወስጄ ደፋሁት። ለበላይነሽ «እንኪ፣ ከቅድስት አገር ነው» ብዬ ስሰጣት ታየኝ። ተቀብላ ግንባሯን ስትቀባ። በአፍ የተባለው ይባል፣ ግንባሯን ስትቀባው ማየት ግን አቃተኝ።

ፍሬ፦ ስለዚህ ልክ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አስካለ፦ እንዴት አላውቅም? ያን ሁሉ ምግብ ደርድረው «ብዪ፣ ሁሉም በዋጋው ውስጥ ነው» ትዪኛለሽ። እኔ በሩዝና በቲማቲም ጾሜን ይዣለሁ። የማኅበሩ ሴቶች የክርስትና ስማቸውን ጽፈው ሰጥተውኛል እኮ። ስልሳ ሦስት ስም። ጎልጎታ ላይ ጥሪልን ብለው። እዚህ ደግሞ በሕማማት ከጠዋት ጀምሮ ያ የድምፅ ማጉያ ሲጨፍር ይውላል፣ ስሞቹን የት ሆኜ ልጥራቸው? መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው የጠራኋቸው።

ፍሬ፦ ሰባት ዓመቴ ላይ አንድ ብርጭቆ ሰብሬ «ድመቷ ናት» በማለቴ በበርበሬ አጥነሽኛል። ትዝ ይልሻል?

አስካለ፦ ይለኛል።

ፍሬ፦ ዐይኔ ሁለት ቀን አበጠ። «የብርጭቆው አይደለም፣ የውሸቱ ነው» አልሽኝ።

አስካለ፦ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ያ በርበሬ ያነሰ ይመስለኛል።

ፍሬ፦ ምን ለማለት ነው?

አስካለ፦ ምንም። ፀሐዩ መጣብኝ፣ ጥላውን ወደዚህ ሳብ አድርጊው።

ፍሬ፦ ሳብኩልሽ። አሁን ግሩፑ ላይ እንጽፋለን። እኔ እጽፍልሻለሁ፣ አንቺ በዪ። «እኅቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ...»

አስካለ፦ እኅቶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ፍሬ፦ «ያለሁት ኢየሩሳሌም አይደለም።»

አስካለ፦ አይደለም።

ፍሬ፦ «የኢየሩሳሌሙ ጉዞ ስለተሰረዘ ልጄ ለእረፍት ሌላ አገር ወሰደችኝ።» ምን ሆንሽ? በይ እንጂ።

አስካለ፦ እሱን አትጻፊ።

ፍሬ፦ የቱን?

አስካለ፦ ተሰረዘ የሚለውን።

ፍሬ፦ ለምን? እውነቱን እንጽፋለን አላልንም?

አስካለ፦ ለዚሁ ነው። በአንድ ውሸት ፈንታ ሌላ ከሆነ የበፊቱ ይሻላል፣ ቢያንስ ለምደውታል።

ፍሬ፦ አልገባኝም።

አስካለ፦ ገብቶሻል፣ ልጄ። ፊትሽ ገብቶታል።

ፍሬ፦ ማን ምን አለሽ?

አስካለ፦ ማንም ምንም አላለኝም። ሆሣዕና ዕለት አንቺ ሥራ ገባሽ፣ ያቺ ጎረቤትሽ ወይንሸት ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ አይደል? ቅዳሴው አልቆ ዘንባባዬን ጣቴ ላይ እያሰርኩ፣ ካህኑ ሰዎች ወደ ፊት ጠሩ። አርባ ይሆናሉ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ መታወቂያ አንጠልጥለው። «እነዚህ ምንድናቸው?» አልኳት። «ዛሬ ማታ ኢየሩሳሌም የሚሄዱት ናቸዋ» አለችኝ።

ፍሬ፦ እማዬ...

አስካለ፦ እንዲያውም «እርስዎ አብረው አልነበሩም እንዴ?» ብላኛለች። ከዚያ እልል በሉላቸው ተባለ። እኔም እልል አልኩላቸው።

ፍሬ፦ በቃ፣ አትጨርሺው።

አስካለ፦ ድምፄ ጥሩ ወጥቶ ነበር።

ፍሬ፦ ልነግርሽ ነበር እኮ።

አስካለ፦ መቼ?

ፍሬ፦ አላውቅም። ከዚህ ስንመለስ። የጉዞውን ቅጽ ሞልቼው ነበር፣ እመቤቴን። ከዚያ ፕሮግራሙን ላኩልኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መነሣት፣ አውቶቡስ፣ ቆሞ ማስቀደስ፣ እንደገና አውቶቡስ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የምነሣው፣ እማዬ። አሮጊት ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ። የሰጡኝ እረፍት አንዲት ሳምንት ናት። ማንም «ፍሬ ነይ» ሳይለኝ አንድ ቦታ መተኛት ነው ያማረኝ። ይሄን ባሕር ኮምፒውተር ላይ ሳየው እጄ ዝም ብሎ ተጫነው። ከዚያ «ደከመኝ» ብልሽ «ለእግዜር ደከመሽ?» ትዪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ተሰረዘ አልኩሽ።

አስካለ፦ እል ነበር።

ፍሬ፦ አየሽ።

አስካለ፦ እል ነበር፣ ከዚያ ደግሞ እተወው ነበር። አኩርፌ ከርሜ፣ እሺ እል ነበር።

ፍሬ፦ ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ? በአውሮፕላኑም በሆቴሉም፣ አራት ቀን ሙሉ።

አስካለ፦ ዝም ልልሽ አልነበረም። የዚያን ዕለት ከሥራ እስክትመለሺ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩሽ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳይቀር ተለማምጄ። ገባሽ። ጃኬትሽን ሳታወልቂ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋው ላይ ወደቅሽ። ጫማሽን እኔ ነኝ የፈታሁት። እግርሽ አብጦ የካልሲው ክር ገብቶበታል። በቃ፣ የተለማመድኩትን ሁሉ እዚያው ተውኩት።

ፍሬ፦ ስነቃ ጫማዬ በሩ ጋ ነበር። ራሴ ያወለቅኩ ነው የመሰለኝ።

አስካለ፦ ይምሰልሽ።

ፍሬ፦ እሺ፣ እኔን ማርሽኝ። ለነሱስ ለምን ዋሸሽ? «አልተሳካም» ብትያቸው ማን ይቀየምሽ ነበር?

አስካለ፦ እኔን ማንም አይቀየመኝም። በላይነሽ ግን የእኅቷ ልጅ ቶሮንቶ አለላት። አንድ ስልክ ደውላ ጉዞው እንዳልተሰረዘ ታውቃለች። ከዚያስ? በየወሩ ማኅበር ስንቀመጥ «እንደ ፍሬሕይወት ያለች ልጅ ይስጣችሁ፣ እናቷን ኢየሩሳሌም ልትወስድ ነው» ብለው ነው የሚመርቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ። ያንን ምርቃት አፍርሼ «ልጄ ዋሸችኝ» ልበላቸው? ያንቺን ከሚያወሩ የኔን ቢያወሩ ይሻለኛል።

ፍሬ፦ ስለኔ ነው የዋሸሽው?

አስካለ፦ መጀመሪያ ስላንቺ ነበር። ኋላ ግን ጣመኝ መሰለኝ። «አስካለ የታደልሽ» ሲሉኝ ለትንሽ ጊዜ ደስ ይለኛል። ከዚያ ይጎረብጠኛል።

ፍሬ፦ አምጪው፣ እኔ ራሴ ድምፅ እቀዳላቸዋለሁ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ የለችበትም» ብዬ። ስለ ምርቃቱ አትጨነቂ፣ ይቅርብኝ።

አስካለ፦ እንዳትጫኚው።

ፍሬ፦ ለምን?

አስካለ፦ ዛሬ አይሆንም። ከፈለግሽ ነገ በያቸው። ዛሬ ግን አይሆንም።

ፍሬ፦ ዛሬ ምን አለ?

አስካለ፦ ማርያማዊትን ታስታውሻታለሽ?

ፍሬ፦ የዘነበወርቅን ልጅ? ከፊት ለፊታችን? ሕፃን ሆና አዝላት አልነበር?

አስካለ፦ አሥራ ዘጠኝ ሆናለች። ልቧ ታሟል። ቤታቸው በር ላይ ያሉትን አራት ደረጃዎች ሁለቴ ሳታርፍ አትወጣቸውም። በዓመት አንዴ ከውጭ ሐኪሞች እየመጡ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ። ሁለት ጊዜ ተራ ደርሷት ሁለቴም እምቢ አለች። ሳልነቃ ብቀርስ ብላ። እናቷ ለመነቻት፣ ካህኑ ለመኗት፣ ወይ ፍንክች። እኔ ልመጣ ስል ግን ማተቧን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችኝ። «ጌታ የተቀበረበትን ድንጋይ አስነኪልኝ፣ እሱን ካስነካሽልኝ እገባለሁ» አለችኝ።

ፍሬ፦ የት አለ?

አስካለ፦ ይኸው።

ፍሬ፦ ባሕር ዳር ይዘሽው ነው የምትዞሪው?

አስካለ፦ ታዲያ ከፎጣና ከዋና ልብስ ጋር ክፍል ውስጥ ጥዬው ልምጣ?

ፍሬ፦ እሷም ገሊላ ያለሽ ነው የሚመስላት?

አስካለ፦ ከሁሉም በታች ያለውን ክፈቺው። አንቺ ሳትነቂ ነው የገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጊው።

ፍሬ፦ ቆይ... «እማማ አስካለ፣ እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ተራዬ ሆኗል። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስሽን አሳውቂ ብለውኛል፣ አለዚያ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። እማማ፣ አስነካሽልኝ? አዎ በዪኝና እሺ ልበላቸው።»

አስካለ፦ መሀል ላይ እስትንፋሷ ቁርጥ ሲል ሰማሽው?

ፍሬ፦ ሰማሁት።

አስካለ፦ ስድስት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚቆረጠው። እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ፍሬ፦ እዚህ ሁለት ተኩል ነው። እዚያ ዘጠኝ ተኩል። አዎ በያት።

አስካለ፦ ምን አልሽ?

ፍሬ፦ አዎ፣ አስነክቻለሁ በያት።

አስካለ፦ ጠዋቱን ሙሉ እውነት ተናገሪ እያልሽ ስታፋጥጪኝ አልነበር እንዴ?

ፍሬ፦ ይሄ ሌላ ነው።

አስካለ፦ ሌላ መሆኑ ነው ያስጨነቀኝ።

ፍሬ፦ ጸልየሽበታል አይደል?

አስካለ፦ በያንዳንዱ ስግደት። ግንባሬ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጬው ነው የምወድቀው። አሸዋ ገብቶበታል፣ እዪው።

ፍሬ፦ ታዲያ ምን ልዩነት አለው? እዚህም ያለው ያው እግዜር ነው።

አስካለ፦ ለኔ ልዩነት የለውም በዪኝ፣ እሺ። ግን «ጸለይሽልኝ ወይ?» ብላ አይደለም የጠየቀችኝ። «አስነካሽልኝ ወይ?» ነው ያለችው።

ፍሬ፦ የቶሮንቶዎቹ እዚያው ኢየሩሳሌም ናቸው። ደውዬ ስሟን ላስጠራላት?

አስካለ፦ ደውዪ፣ ያስጠሩላት። ማተቡ ግን ይኸው፣ እኔ ጉልበት ላይ ነው።

ፍሬ፦ እውነቱን ከነገርሻት አትገባም።

አስካለ፦ አትገባም።

ፍሬ፦ ካልገባችስ?

አስካለ፦ ሐኪሟ ለዘነበወርቅ «ሌላ ዓመት አትጠብቁ» ብሏታል።

ፍሬ፦ ታዲያ ምኑን ነው የምናስበው? ዋሽተሽ ትዳን።

አስካለ፦ ዋሽቼ ገብታ ባትነቃስ? በኔ ቃል አይደል የምትገባው? ዘነበወርቅን በየትኛው ዐይኔ አያታለሁ? ብትነቃም ደግሞ አስቢው። ዕድሜ ልኳን ይሄን ክር እየሳመች «እማማ አስካለ መቃብሩን ያስነካችልኝ» ስትል፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ልስማ? አሸዋው እንኳን ከውስጡ አልወጣ ብሎኛል።

ፍሬ፦ ይሄ የኔ ነው፣ እማዬ። አንድ ሳምንት ልተኛ ብዬ ምን ውስጥ እንደከተትኩሽ። አራት ቀን እዚህ ተጋድሜ አናናስ ስበላ ይሄ ሁሉ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር።

አስካለ፦ አታልቅሺ፣ ሚጌል ያይሻል። የአንቺ ብቻ አይደለም። አንቺ ደክሞሽ ዋሸሽ። እኔ ግን ዐርፌ፣ ጠግቤ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው የዋሸሁት።

ፍሬ፦ ቆይ፣ ስልኩ... እማዬ፣ እየደወለች ነው።

አስካለ፦ ዘነበወርቅ?

ፍሬ፦ ማርያማዊት። ቪዲዮ ነው።

አስካለ፦ ወደዚያ ዙሪ፣ ከኋላችን ነጩ ግንብ ይሁን፣ ባሕሩ እንዳይታይ... አይ። ተይው። አትዙሪ።

ፍሬ፦ ምን ልትያት ነው?

አስካለ፦ አላውቅም።

ፍሬ፦ ሊዘጋ ነው፣ እማዬ። ላንሣው?

አስካለ፦ ማተቡ እኔ እጅ ላይ ነው፣ ስልኩ አንቺ እጅ ላይ። ከማንሣትሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ?